ከሁለት መቶ በታች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት። ማሽኑ ተሳስቷል አልኩ። ልጄ መሠረት የወጋችውን ጣቴን በጥጥ እየጠረገች፣ «ማሽኑ ትናንት ዳቦ በማር አልበላም፣ አባዬ» አለችኝ። አፏን ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ።

ይህ ደብተር የልጅ ልጄ የሊዲያ የሒሳብ ደብተር ነው። ግማሹ ባዶ ስለነበር ወረስኩት። የምጽፈው መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በወፍራም ማርከር ነው፤ ቀጭን ፊደል አይታየኝም። ግራ ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሱ አይመለስም ብለውኛል። ቀኙን የጋረደው ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። በዘመቻ መጥተው በነጻ የሚሠሩ የዓይን ሐኪሞች አሉ፤ ተራዬ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ባለፈው ዙር ስኳሬን ለክተው ከበር መለሱኝ። ከሁለት መቶ በታች ካልሆነ አይነኩህም፤ ቁስሉ ያመረቅዝና ያለችህንም ብርሃን ይዞ ይሄዳል አሉ። ሐሙስም ከመለሱኝ ቀጣዩ ዘመቻ መቼ እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም። አሁን ሰው የምለየው በድምፁና በአረማመዱ ነው። የቀረችኝ ጭላንጭል እስከዚያ ትጠብቀኛለች ብዬ አላምንም።

ዐሥር ቀን አለኝ።

የተከለከለ፦ ስኳር፣ ማር፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቦምቦሊኖ፣ ለስላሳ።
የተፈቀደ፦ ጎመን። እንቁላል። ውሃ እንደልብ።

እንጀራ «ከመዳፍ የማይበልጥ» ብላለች ነርሷ። የማን መዳፍ እንደሆነ አልተናገረችም። ስለዚህ ፊት ለፊታችን ካለው ባለሱቅ ከጀማል ዘንድ ሄጄ እጁን ካርቶን ላይ አስዘረጋሁና ዙሪያውን በማርከር አሰመርኩ። ጀማል ከስልጤ ከመጣ ጀምሮ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ መዳፉ ሰፌድ ያክላል። መሠረት ካርቶኑን አየችው፤ ከዚያ የእኔን እጅ አንስታ መሀሉ ላይ አስቀመጠችው። ብዙ ቦታ ተረፈ።

ለቶሎሳ ስለ ሐሙሱ አልነገርኩትም። ቶሎሳና እኔ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ፈረቃ ሠርተናል። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ዳማ እንጫወታለን። ዓይኔ መድከሙን ካወቀ ጀምሮ ቆርኪ ይሰርቀኛል፤ ጣቶቼ ነግረውኛል። ሳይሰማ ታክሜ፣ አንድ ቀን ሲሰርቅ እጁን ቀብ አደርገዋለሁ። ለጊዜው የሚስቱ የጫልቱ ሕመም ጠንቶበት ከቤት አይወጣም እንጂ።

ማክሰኞ፣ 11

ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ።

ረፋድ በአራት ሰዓት ዳቦ ቤቱ ሁለተኛውን ዙር ያወጣል። ሽታው በመስኮት ይገባና አጠገቤ ቁጭ ይላል። ረሃብ እንዳይመስላችሁ፤ ሆዴ በጎመን ተነፍቷል። የሚለምነኝ ሌላ ነው። ምላሴ ሥር የሰፈረ ለማኝ አለ፤ እግዜር ይስጥልኝ ቢሉት አይሄድም። በጉርምስናዬ ሴት እንኳ እንዲህ አላንገበገበችኝም። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሬ በዳቦ እንባ እንባ ይበለኝ?

ጀማል አይሸጥልኝም፤ መሠረት አስጠንቅቃዋለች። «ጋሼ፣ ሳሙና ከፈለጉ አለ» ይለኛል። ባጃጅ ይዤ ማረሚያ ቤቱ ደጃፍ ሄድኩ። እዚያ ለጠያቂ ስንቅ የሚሸጡት ሱቆች አያውቁኝም። ሁለት ብስኩትና አንድ ቦምቦሊኖ አልኩ። ባለሱቋ ልጄ ታስሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን አብሮ አደጌ ነው አልኳት፤ ዕድሜው እንደኔ፣ መልኩ እንደኔ፤ ጎመን ብቻ እየሰጡ ሊገድሉት ነው። አንጀቷን በላኋት። እግዜር ያስፈታልዎት ብላ ሌላ ብስኩት ጨመረችልኝ። አሜን አልኩ።

አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ጨረስኩ። ጣዕሙ የቆየው ግማሽ ደቂቃ ነው። አጠገቤ ምሳ ዕቃ በፌስታል የያዙ እናቶች ያወሩ ነበር፤ አንዷ ልጇ ምን እንደሚወድ ትናገራለች። የእነሱን ምርቃት ሰርቄ በላሁ። ጺሜ ላይ የቀረውን ስኳር ስጠርግ የባሰ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ 12

ሁለት መቶ ሰባ አንድ። መሠረት አልተቆጣችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «አባዬ፣ ካልፈለግክ ንገረኝና እንተወው» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጸጸት ሲይዘኝ ብልሃት አገኘሁ። ዛሬ ጾም ነው፤ ሚካኤልም ነው። ከታመምኩ ወዲህ የንስሐ አባቴ ከጾም ነጻ አውጥተውኛል፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ ብውል ለነፍሴም ለስኳሬም ይሆናል አልኩ። ያልገባ እህል ከየት መጥቶ ስኳር ይሆናል? የስኳር ክኒኔን ያለ ውሃ ዋጥኩና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ስድስት ሰዓት ገደማ ጉልበቴ ከዳኝ። ላብ አጠመቀኝ። መንገዱ ላይ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች በጭንቅላቴ ውስጥ የሚያልፉ መሰለኝ። ጀማል ሱቅ ደጃፍ ተዝለፈለፍኩ። ጀማል ለስላሳ ከፍቶ አገጬን ይዞ አጠጣኝ። መሠረት ማሽኑን ይዛ እየሮጠች መጣች። አርባ ስምንት አለች።

ከሁለት መቶ በታች ነው አይደል? አልኳት። ማንም አልሳቀም።

ነርሷ በስልክ አስረዳችን፤ ክኒን ውጦ መጾም ራስን መግደል ነው። ትንሽ ትንሽ፣ በሰዓቱ፣ በየቀኑ። እኔ እኮ አንድ ትልቅ ነገር አድርጎ መገላገል ነው የምወደው። ትንሽ ትንሽ በየቀኑ የሚባለውን ሥራ በዕድሜዬ ችዬው አላውቅም።

ሐሙስ፣ 13

ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት።

ጎመን። እንቁላል። ጎመን። ሻይ ያለ ስኳር፤ ካልሲ የታጠበበት ውሃ።

ዛሬ ሊዲያ ከትምህርት ቤት ገብታ ፊት ለፊቴ ቆመች፤ ጸጉሯን አዲስ ተሠርታ ኖሯል። እንዴት ነው አባባ? አለችኝ። በጣም አምሮብሻል አልኳት። ያየሁት ጥቁር ነገር ከላይ፣ ሰማያዊ ነገር ከታች ነው። ስትሄድ ደስ ብሏት ሄደች። እንዲህ እየዋሸሁ የምኖረው እስከ መቼ ነው? ቀልዱም እኮ የሰው ፊት አይቶ ነው የሚቀለደው። ይሳቁ ይኮሳተሩ ሳላውቅ ጨለማ ውስጥ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ሆኛለሁ።

ሰባት ቀን።

ዓርብ፣ 14

ሁለት መቶ አሥራ ስምንት!

አንድ ነገር አገኘሁ። የዳቦው ሽታ ሲመጣ ከዘራዬን ይዤ ከቤት እወጣለሁ። የከተማው ባቡር የሚያበቃበት ፌርማታ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ስመለስ ለማኙ ደክሞት ተኝቷል። ዕድሜው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሩብ ሰዓት ካታለልኩት ይተወኛል። ማታለል ደግሞ እኔ አላንስም።

ምሳ ሽሮ በማንኪያ። ሽሮን በማንኪያ መብላት እንደ ሽሮፕ ነው፤ ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ 15

መቶ ዘጠና ስድስት። መቶ ዘጠና ስድስት። መቶ ዘጠና ስድስት።

ለጀማል ነገርኩት። ለባጃጅ ተራ አስከባሪው ነገርኩት። ለማላውቀው ሰውም ነገርኩ፤ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ፤ የልጅ ልጅ የተወለደልኝ መስሎት። ኪሎውን ሳይጠይቀኝ አመለጥኩ። መሠረት ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

እሑድ፣ 16

መቶ ሰማንያ ስምንት።

ይህን ጽፌ ማርከሩን ሳልከድን የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጫልቱ ናት። ልቧ ነው አሉ። ሌሊት ለቶሎሳ ብርድ ልብስ ደርባለት ተኝታ በዚያው ቀረች።

አመሻሽ ላይ። ቀበርናት። ከመቃብሩ ስንመለስ ቶሎሳ ክንዴን ያዘ። እኔ እየመራሁት ይሁን እሱ እየመራኝ አላወቅኩም።  

ሰኞ፣ 17

መቶ ዘጠና ሦስት። አሁንም ያስገባኛል።

ረፋዱ ላይ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። የቶሎሳ ልጅ አያንቱ ድንኳኑ በር ላይ ጠበቀችኝ። አባቷ ከቅዳሜ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ የደም ግፊት ክኒኑንም እምቢ ብሏል። «ጋሽ ሽፈራው፣ እርስዎን ካልሰማ ማንንም አይሰማም» አለችኝ። በእድራችን ሐዘንተኛ የማብላት ሥራ የእኔ ነው። ማንም አልሾመኝም፤ ቀልድ ያውቃል ተብሎ የተጣለብኝ ነው። ስንቱን እምቢተኛ አብልቻለሁ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ፋብሪካ ቀለድኩ፤ አልሰማም። ስለ ራሴ ቀለድኩ፤ አልሰማም። በመጨረሻ ጠቅልዬ ከንፈሩ ላይ አስጠጋሁ። ብዙ ቆይቶ አፉን ከፈተ። ድንኳኑ ሁሉ ተነፈሰ። ያኔ ቶሎሳ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ፤ ጠቅልሎ ወደ እኔ አፍ አመጣው።

ሐዘንተኛ ያጎረሰህን አፍህን ዘግተህ አትመልስም። ጎረስኩ። ሌላ አጎረስኩት፤ ሌላ አጎረሰኝ። እኔ ካልበላሁ እሱ አይበላም። ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ የእሱ ጉርሻ ደግሞ የጀማልን መዳፍ ያክላል። ከዚያ ዳቦ። ከዚያ ንፍሮ። ከዚያ ሻይ፤ የለቅሶ ቤት ሻይ ስኳሩ ድስቱ ውስጥ አብሮ ነው የሚፈላው፤ ለእኔ ቀንሱልኝ አይባልም።

ክኒኑን ዋጠ። አያንቱ ጉልበቴን ሳመችኝ።

ማክሰኞ፣ 18

ሁለት መቶ ሃያ ስድስት።

መሠረት የትናንቱን ሰምታለች። እሱን አብላው፣ አንተ አትብላ አለችኝ። በአፍ ሲወራ ቀላል ነው። ቢሆንም ብልሃት ይዤ ሄድኩ። ጋቢዬን ተከናነብኩ። ቶሎሳን ከድንኳኑ ወደ ቤት አስገብተው አልጋው ላይ አስቀምጠውታል። ቶሎሳ ሲያጎርሰኝ በመዳፌ አፌን እሸፍናለሁ፣ እንደሚያስል ሰው ዞር እላለሁ፣ ጉርሻውን ጋቢው እጥፋት ውስጥ እከታለሁ። ማኘኩን በባዶ አፌ አኝካለሁ። ሦስቱ በደህና ገቡ። በራሴ ኮራሁ፤ እውነቴን ነው።

አራተኛው ላይ ወጡ በነጭ ጋቢ አልፎ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ለእኔ አልታየኝም። ለቶሎሳ ታየው። የያዘውን ትሪው ላይ መለሰ።

«እኔ ቤት እህል ቀፈፈህ?» አለኝ።

ሌላ አልጨመረም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ተጋደመ። አያንቱ ክኒኑን ይዛ ብትለምን፣ የእድሩ ሊቀመንበር ቢለምኑ፣ አልዞረም። ሰልስት የመጣው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ማየታቸውን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም።

ስለ ሐሙስ እዚያው ልነግረው እችል ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ግን ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ቀን የእኔን ዓይን አምጥቼ ሐዘኑ ላይ ልደርብበት? ያን ጊዜማ ከእኔ እጅ መጉረሱን ጨርሶ ያቆማል።

እንዲህ ተቀልዶብኝ አያውቅም፤ የቀለድኩትም እኔው።

ረቡዕ፣ 19

ሁለት መቶ ዘጠኝ። አንድ ቀን ጎመን ብቻ ብውል ነገ ጠዋት እገባለሁ። መሠረት ይህን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

አያንቱ ደወለች። ቶሎሳ ከትናንት ወዲህ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ሊነሳ ሲል አዙሮት ወድቋል።

መስኮቱ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። አንዷን ዓይን በአንድ በኩል፣ ቶሎሳን በአንድ በኩል አድርጌ አሰብኩ ብል እውነት አይሆንም። ያሰብኩት ስለ ዓይኔ ብቻ ነው። ስለ ዓይኔ እያሰብኩ ነው ተነስቼ የሄድኩት።

አጠገቡ ተቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ። አጉርሰኝ አልኩት። ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው። አፌን እንደከፈትኩ ቆየሁ፤ አገጬ ደከመኝ። በመጨረሻ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞረ። የጾም ነው፤ ሽሮና ምስር፣ ድንችም አለ። አጎረሰኝና ጣቱን አፌ ላይ አቆይቶ ማኘኬን አረጋገጠ። ዋጥኩ። ጎረሰ። አሥራ ሦስት ጊዜ። ዳቦ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና።

አንድ ነገር ልጻፍና ይብቃ። ጣፈጠኝ። ዓይኔን እየበላሁ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ያ ለማኝ ምላሴ ሥር ሆኖ ሲጨፍር ይሰማኝ ነበር። ለቶሎሳ ብዬ ነው የበላሁት እንዳልል፣ ሦስተኛውን ሻይ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የጠጣሁት።

መሠረት ለነገ ሸሚዜን ተኩሳ ሰቀለችው።

ሐሙስ፣ 20

ቤት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ። ሐኪም ቤት፣ ሁለት መቶ አርባ አራት።

ለመንን። ወጣት ሐኪም ነው፤ ድምፁ የደከመ። ትናንት ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። ለቅሶ ቤት ነበርኩ አልኩት።  

«ይገባኛል፣ አባባ። ዓይንዎ ግን አይገባውም» አለኝ።

ስልካችንን መዘገቡ። ሌላ ዙር ከመጣ እንደውላለን አሉ። ከመጣ። ሚኒባስ ውስጥ መሠረት ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካው አወቅኩ። የምላት ቀልድ ፈለግኩ፤ ቃሊቲ ቤታችን እስክንደርስ አልመጣልኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቶሎሳ ሄድኩ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። መሠረት አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ትሪው ቀረበ። ቶሎሳ ጠቅልሎ እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ መሠረት እጁን ያዘችው። ጆሮው ስለሚከብደው ጮክ ብላ ሁሉንም ነገረችው። ዛሬ ዓይኑ ሊሠራ ነበር፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ መለሱት፤ የበላው እዚህ ነው። ዝም እንድትል ጎተትኳት፤ ጨረሰች።

ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረ። «መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አለኝ።

ዓይኔ ከተከፈተ በኋላ አልኩት።

በኦሮምኛ ሰደበኝ። ከሠላሳ አንድ ዓመት ባልደረብነት አጥርቼ የያዝኩት ስድቡን ስለሆነ አንድም አላመለጠኝም። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ እንደገና ቀጠለ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ትሪውን ከመሀላችን ወደ ራሱ ሲስበው ሰማሁ። ለዚህ ሰውዬ ውሃ ብቻ ስጡት አላት አያንቱን። ብቻውን በላ። በንዴት እያኘከ፣ ማንም ሳይለምነው፣ እስከ መጨረሻው በላ። ክኒኑንም ጠይቆ ዋጠ። በልማድ አፌን ከፍቼ ኖሮ እጄን መታኝ።

ሐኪሞቹ ይደውሉ አይደውሉ አላውቅም። ቢደውሉስ እስከዚያ ምን ይተርፈኛል? ይህን መስመር የምጽፈው በግምት ነው፤ መሠረት ከቀደመው ጋር አልተደረበም ብላኛለች።

ስንወጣ ቶሎሳ መሠረትን ጠርቶ፣ ከነገ ጀምሮ የአባትሽን ጣት የምወጋው እኔ ነኝ አላት። ማሽኑን በዓይኑም አይቶት አያውቅም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ይመጣል። ልጄ ስትወጋኝ እየሳሳች ነበር፤ ይሄኛው በቂም ነው የሚወጋኝ።